እያዘመመ ያለ ባለ 14 ኪሎ ሐውልት፦ ቁርጭምጭሚቱን እንዴት ላጠናክር?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 14 ኪሎ ገደማ የሆነ የጦረኛ ሐውልት አለኝ፤ የተሠራው ከፖሊስቶን፣ ማለትም ከሬዚን (ፈሶ ከሚደርቅ ፕላስቲክ) እና ከድንጋይ ዱቄት ድብልቅ ነው። በ1,100 ዶላር ነው የገዛሁት፤ ከዋጋውም በላይ ከልቤ የምወደው ዕቃ ነው።

ጦረኛው በግራ እግሩ ብቻ ቆሞ ወደ ፊት ሲወረወር ነው የተቀረጸው፤ የጋሻውም የካባውም ክብደት ያረፈው አንድ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ከበጋው ሙቀት ወዲህ ማዘመም ጀመረ። የጦሩ ጫፍ ከመደርደሪያው መስታወት ሦስት ጣት ያህል ይርቅ ነበር፤ አሁን ሊነካው ምንም አልቀረው። በባትሪ አብርቼ ሳየው ደግሞ ከተረከዙ በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀለሙን ሰንጥቃ ወጥታለች።

መደርደሪያውን በውሃ ልክ አየሁት፤ ደህና ነው። ሐውልቱን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አራቅሁት። ከደረቱ ሥር በአክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ዘንግ ስደግፈው ማዘመሙ ቆመ፤ ስንጥቋ ግን አሁንም እየረዘመች ነው። አምራቹ ዋስትናው አልፏል፣ መለዋወጫ እግርም የለም ብሎኛል።

ፖሊስቶን ጭነት ሲበዛበት ድንገት ይሰበራል። ማግኔት ሳስጠጋ ጉልበቱ ላይ ይይዛል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ግን አይዝም። እግሩን ከውስጥ የሚደግፈው ብረት እስከ ታች የወረደ አልመሰለኝም፤ በጣም ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ስንጥቋን በኤፖክሲ (ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ብቻ ብሞላት ክብደቱን የምትችል አይመስለኝም። ከመሠረቱ ሥር በትራፓኖ በስቼ የማይዝግ ብረት እንዳላስገባ ደግሞ ንዝረቱ እግሩን እንዳይቆርጠው ፈራሁ።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ፣ እግሩ ሳይሰበር ብረቱን ማስገባት የሚቻለው እንዴት ነው?