አን አርበር ወይስ ኢፕሲላንቲ? ልጆች ይዘን ልንመጣ ነው

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዕድል አግኝቶ በኦገስት ከአዲስ አበባ እንነሳለን። እኔና ልጆቹ የምንገባው በኤፍ-2፣ በተማሪ ቤተሰብ ቪዛ ነው። ትልቋ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። የአን አርበር ኪራይ ራስ ያዞራል። አንድ የባሌ ጓደኛ "ጎረቤት ከተማው ኢፕሲላንቲ ግቡ፣ ረከስ ይላል፣ ጥቁርም አለ" ይላል። ሌላው "ኧረ ሰፈሩ ያስፈራል፣ ትምህርት ቤቱም አይሆንም" ይላል። ማንን እንስማ?

እውነቱን ለመናገር ከኪራዩ በላይ የሚያስጨንቀኝ እዚያ ከማን ጋር ቡና እጠጣለሁ የሚለው ነው። እዚህ ጎረቤቴ ሳታንኳኳ ነው የምትገባው።

ሰሜን ካምፓስ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ። ኖርዝዉድ የሚባሉትን የዩኒቨርሲቲውን የቤተሰብ መኖሪያዎች ቶሎ አመልክቱ። የካምፓሱ ሰማያዊ አውቶቡስ ነፃ ነው፣ ለልጆችም ሜዳ አለ። ከዓለም ዙሪያ የመጣ የተማሪ ቤተሰብ ነው የሚኖርበት። በእኔ እምነት ሌላ ቦታ ማሰብ አያስፈልግም።

ዋሽተናው ዳር፦

እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ የባሌን ትምህርት ተከትዬ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ኖርዝዉድ ነበርን። ለመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን እዚያ የለመድሻት ጎረቤት ባሏ ይመረቅና ትሄዳለች። ሌላ ትለምጃለሽ፣ እሷም ትሄዳለች። ሜይ ሲመጣ ግማሹ ከተማ ጓዙን ይጠቀልላል። እኔ ሰው ስሸኝ ሰለቸኝ። ልጄማ አዲስ ልጅ ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምትጠይቀው "መቼ ነው የምትሄዱት?" ሆነ።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው፦ ከማይሄዱት ሰዎች ጋር ተጠጉ። አውቶቡስ የሚነዱት፣ ሆስፒታል የሚሠሩት፣ ትምህርት ቤት ምሳ የሚያወጡት ናቸው። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ኢፕሲ ነው የሚኖሩት (እዚህ እንደዛ ነው የሚባለው)። እኛም አሁን እዚያው ነን።

"ያስፈራል" የሚሉሽን ሰዎች የቱ መንገድ ላይ ምን እንዳዩ ጠይቂልኝ። ብዙዎቹ ከአውቶቡስ ወርደው አያውቁም። አን አርበር ውስጥ ጥቁር ከመቶ 7 ገደማ ነው። ኢፕሲ ግን የቆየ የጥቁሮች ታሪክ አለው። የማሽን ዘይት ማጠጫ የፈለሰፈው ኢላይጃ ማኮይ፣ ከባርነት ያመለጡ ወላጆች ልጅ፣ እዚህ ኖሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ቢ-24 ቦምብ ጣይ የሚሠራው የዊሎው ረን ፋብሪካ ከአሜሪካ ደቡብ ብዙ ሠራተኛ ስቦ አመጣ። አን አርበርም ቢሆን የጥቁሮች ሰፈር ነበረው፣ ዛሬ የቅዳሜ ገበያ የሚቆምበት ኬሪታውን አካባቢ። ትምህርት ቤታቸው ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1965 ተዘጋ። ሕንፃው አሁን ኮሚዩኒቲ ሃይስኩል ነው። በዚያ ሳልፍ ማንም ይህን ሳይነግረኝ ስንቴ ቲማቲም ገዝቼ ተመልሻለሁ!

ቤት ስትፈልጉ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። እኛ ከኖርዝዉድ ስንወጣ አንድ አከራይ በስልክ "ባዶ ነው፣ ኑና እዩት" አለን። በነጋታው ስንደርስ ባሌን ከላይ እስከ ታች አየውና "ማታ ተያዘ" አለ። ማስታወቂያው ግን ሳምንት ሙሉ ከኢንተርኔት አልወረደም። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ዝም አትበሉ። አን አርበር ውስጥ ፌር ሃውሲንግ ሴንተር አለ። ነጭና ጥቁር ሰው ለየብቻ ልኮ ያንኑ ቤት ለማን እንደሚያሳዩ ይፈትሻል።

ቡናውን በተመለከተ፦ ኢፕሲ በገባን ሰሞን ቡና ስቆላ የጭስ ማንቂያው ጮኸብኝ። ሕፃኑ ተነስቶ ያለቅሳል፣ እኔ በትራስ ጨርቅ አራግባለሁ። ከፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ፣ ከመኪና ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ፎጣ ይዘው ገቡ። ወንበር ላይ ቆመው ማንቂያውን ዝም አሰኙና "ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?" አሉ። እስከ በረካው ተቀምጠው ጠጡ። በሳምንቱ ጎመን ሠርተው አመጡ። ያው የኛው ጎመን ነው፣ ግን የአሳማ እግር ገብቶበታል! እንደማንበላ ነገርኳቸው። ይኸው አሁን በጾም የኔን በዘይት ለብቻ ይሠራሉ፣ ልጄም "እማማ" ነው የምትላቸው።

አባ ቁጠባ፦

ዋሽተናው ዳር ጥሩ ብላለች፣ ግን ትምህርት ቤቱን አለፈችው። ወላጅ የሚያስበው እሱን ነው። በደብዳቤ አድራሻ ኢፕሲላንቲ 48197 የሚባሉ፣ ልጆቻቸው ግን አን አርበር የሚማሩ ሰፈሮች አሉ። ፒትስፊልድ በኩል ፈልጉ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን ለአን አርበር ትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሰጥታችሁ አረጋግጡ። አከራዩ የሚላችሁን አትመኑ።

መኪና እስክትገዙ 4 ቁጥር አውቶቡስ ዋሽተናው ጎዳናን ይዞ ሁለቱን ከተሞች ያገናኛል። ባልሽ በተማሪ መታወቂያው በነፃ ይሄዳል። የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ባለበት ቅዳሜ ግን የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም አጠገብ ዝር አትበሉ፣ ከ107 ሺህ በላይ ሰው ነው የሚይዘው። የቤት ዕቃም አትግዙ። ኦገስት መጨረሻ ተማሪ ቤት ሲለቅ ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው በየደጁ ይወጣል። ፍራሽና ሶፋ ግን እንዳታነሱ፣ ትኋን አለ።

የሁለት ልጆች እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለባሌ አነበብኩለት፣ እማማ ጋ ሲደርስ ሳቀ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። በኤፍ-2 ቤት ተዘግቼ ነው የምውለው? ምጣዴንስ ላምጣ?

ዋሽተናው ዳር፦

ሥራ አይፈቀድልሽም። ከሙሉ ጊዜ በታች መማር ግን ትችያለሽ። እኔ በዋሽተናው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው የጀመርኩት፣ አሁን ሆስፒታል የምሠራው ወረቀቴ ከተስተካከለ በኋላ በዚያው ትምህርት ነው። ልጆቹን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውሰጃቸው፣ ቴሌስኮፕ ሳይቀር ያውሳሉ።

ምጣዱን ተይው፣ እዚህ መብራቱ 110 ነው፣ አያግልልሽም። በርበሬና ሽሮ አምጪ። ጀበናውን ልብስ መሐል ጠቅልይው። ስትደርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እርሾ እኔ ጋ አለ።