ግቢው ስንት ካሬ ነው? 266፣ 168 ወይስ ሌላ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮብልስቶን የሚነጠፍ ግቢ ነው፤ ክፍያው በካሬ። በመንገድ በኩል 12 ሜትር፣ በጓሮ በኩል 26፣ ግራ ጎኑ 13፣ ቀኝ ጎኑ 15 ሜትር። የመንገዱና የጓሮው አጥር ትይዩ ናቸው። ነጣፊው 12ንና 26ን ደምሮ ለሁለት አካፈለ፣ 19 መጣ። 13ንና 15ንም እንደዚሁ፣ 14 መጣ። አባዛና «266 ካሬ» አለ። በትራፒዚየም ቀመር ስልክ ላይ ሲመታ ደግሞ 168 ይላል። ማንን ልመን?

ባለሲባጎ፦
ሁለቱንም አትመን፤ 228 ነው።

19ኙ ልክ ነው፣ ጥፋቱ 14ቱ ላይ ነው። በ19 የሚባዛው በሁለቱ ትይዩ አጥሮች መካከል ያለው ቀጥ ያለ ርቀት ነው፤ መማሪያ መጽሐፍ «ቁመት» የሚለው። የጎን አጥር ገደድ ብሎ ስለሚሄድ ሁልጊዜ ከዚያ ይረዝማል። አንዱን ጎን ብቻ ወስደህ 19 × 13 ብትልም 247 ይመጣል፤ እሱም ትርፍ ነው።

ቁመቱን ለማግኘት እስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) እንኳ አያስፈልግም። በጓሮው አጥር ሥር ከችካል ችካል ሲባጎ ወጥሩ። አንድ ሰው የሜትሩን ዜሮ በመንገድ በኩል ግራ ማዕዘን ላይ ይያዝ፤ ሌላው ሜትሩን ወጥሮ በሲባጎው ላይ ቀስ እያለ ያንሸራትት። ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄድና መልሶ መጨመር ይጀምራል። ትንሹ ቁጥር ቁመቱ ነው። በሰጠኸው ልክ ከሆነ፣ ከጓሮው ግራ ማዕዘን 5 ሜትር ላይ 12.00 ታነባለህ። ከቀኙ ማዕዘን ስትለካ ደግሞ ከጓሮው ቀኝ ማዕዘን 9 ሜትር ላይ ያው 12.00 መምጣት አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ አጥሮቹ ትይዩ አይደሉም ማለት ነው።

ሜትሩ መሃል ላይ ካረገበ ቁጥሩ ይበዛል፤ ጠበቅ አድርጉት። ቁመቱ ላይ 10 ሳንቲም መሳሳት 1.9 ካሬ ያዛባል፣ የመንገዱ አጥር ላይ ግን ያው 10 ሳንቲም 0.6 ካሬ ብቻ ነው። ጥንቃቄውን ቁመቱ ላይ አድርጉት።

ሒሳብ መምህር፦
ሳይለካም ይወጣል። ከ26 ላይ 12 ቀንስ፣ 14 ይተርፋል። ከመሃል 12 በ12 የሆነውን አራት ማዕዘን አውጥተህ ግራና ቀኝ የቀሩትን ብታጋጥማቸው ጎኖቹ 13፣ 14፣ 15 የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። የዙሪያው ግማሽ 21። ከ21 ላይ እያንዳንዱን ጎን ቀንሰህ አባዛ፦ 21 × 8 × 7 × 6 = 7056፤ ስኩዌር ሩቱ 84። በዚያ ላይ 144 ሲደመር 228።

168 የመጣው በቅንፍ ጉድለት ነው። ቁመቱን 12 ይዘህ 12 + 26 × 12 ÷ 2 ብለህ ስትመታ ስልኩ ማባዛቱን ያስቀድማል፤ 156 አግኝቶ 12 ይደምርበታል። መጀመሪያ 12 + 26 ብለህ እኩል ይሆናልን ተጫን፣ ከዚያ በ12 አባዛ፣ ለ2 አካፍል።

የነጣፊው ስሌት እንኳ ዕድሜ ጠገብ ነው። በላይኛው ግብፅ፣ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የመሬት ልኬት በዚሁ መንገድ የተሰላ ነው። ቅርጹ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ካልሆነ በቀር ምንጊዜም ያበዛል፣ አሳንሶ አያውቅም። ክፍያ ተቀባዩ ለምን እንደሚወደው ግልጽ ነው።

ጠያቂ፦
አጥሮቹ ትይዩ ናቸው ያልኩት በዓይን ግምት ነው። ባይሆኑስ?

ባለሲባጎ፦
እንግዲያው ከማዕዘን ማዕዘን ለካ። ከመንገዱ ግራ ማዕዘን እስከ ጓሮው ቀኝ ማዕዘን 24.19 ሜትር ከመጣ ትይዩ ናቸው፣ 228 ይጸናል። ሌላ ቁጥር ከመጣ ያ መስመር ግቢውን ለሁለት ሦስት ማዕዘን ይከፍለዋል፤ መምህሩ ባሳየው መንገድ ለየብቻ አስልተህ ደምር። ለምሳሌ 23 ሜትር ቢሆን፣ 13-26-23 ያለው 149.40፣ 12-15-23 ያለው 80.62፤ በድምሩ 230.02።

ሒሳብ መምህር፦
በእነዚህ አራት ጎኖች፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ የፈለገውን ያህል ቢጣመም ከ230.04 ካሬ የሚበልጥ ቅርጽ ሊኖር አይችልም። የአራቱ ጎኖች ድምር ግማሽ 33 ነው፤ 21 × 7 × 20 × 18 = 52920፣ ስኩዌር ሩቱ 230.04። ስለዚህ በ266 ላይ መከራከርም አያስፈልግም።

ችካል፦
መሬቱ ተዳፋት ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ለንጣፍ ሜትሩ መሬቱን ተከትሎ ይለካ፣ ድንጋዩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ለካርታ ግን በውኃ ልክ አግድም ተይዞ፣ ጫፉ በቱንቢ ወርዶ ነው የሚለካው። በ12 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ቢወርድ እንኳ የሁለቱ ልዩነት 1 ካሬ አይሞላም።