«ካራክተር አክተር» እና «አጃቢ ተዋናይ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ስለ ድሮው ሆሊውድ ሳነብ ዋልተር ብሬናንን «ካራክተር አክተር» ይሉታል። «አጃቢ ተዋናይ» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ እኔ አያስኬድም ባይ ነኝ። «አጃቢ» የሚናውን ስፋት ነው የሚናገረው። ካራክተር አክተር ግን የሥራው ዓይነት ነው። በቪዲዮ ቤት አማርኛ «አክተሩ» ሲባል የፊልሙ ጀግና ነው አይደል? አክተሩ በየፊልሙ ያንኑ የምናውቀውን መልኩን ይዞ ይመጣል፤ የምንወደውም ለዚያው ነው። ካራክተር አክተር ደግሞ ሽማግሌውን፣ ሰካራሙን፣ ነዝናዛውን ሆኖ ቁጭ ይላል።

ብሬናንን የመሰለ ምሳሌ የለም። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1894 በማሳቹሴትስ ነው። ሆሊውድ የገባው በ1920ዎቹ ነው፤ መጀመሪያ በሕዝብ መሃል አዳማቂ ሆኖ ይቆም ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በደረሰበት አደጋ ጥርሶቹ ረገፉ። ሌላው ቢሆን ሥራውን ይተው ነበር፤ እሱ ግን እንጀራው አደረገው። ሰው ሠራሹን ጥርስ ሲያወልቅ ጉንጩ ይሰረጉዳል፣ አነጋገሩ ይኮላተፋል፣ በአንዴ ሽማግሌ ይሆናል። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ደጋግሞ ያወራት የነበረች ጨዋታ አለች። ብሬናን ለ1935ቱ «ባርባሪ ኮስት» ሊፈተን ሲመጣ «አድርጌ ነው ወይስ አውልቄ?» አለው። «ምኑን?» ሲለው፣ «ጥርሴን።» ያኔ ገና አርባውን መሻገሩ ነበር፤ የተሰጠው ሚና ግን የሽማግሌ ነው።

በ1948ቱ «ሬድ ሪቨር» ላይ ጥርሱ ራሱ ታሪክ ሆኗል። ብሬናን የሚጫወተው ግሩት የሚባል ሽማግሌ ጥርሱን በካርታ ቁማር ተበልቶ ያጣል። ያሸነፈው ሰውዬ ምግብ ሲደርስ ብቻ ነው የሚያውሰው! እዚያ ቦታ ላይ ዓይኔ ከአክተሩ ከጆን ዌይን ይልቅ እሱ ላይ ነው የሚቀረው።

ሁለተኛ ጠያቂ፦ ታዲያ ሦስት ኦስካር ያገኘው በአጃቢ ተዋናይነት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ልክ ነሽ፤ ሦስቱም በዚያ ዘርፍ ናቸው፦ ለ1936፣ ለ1938 እና ለ1940 ፊልሞቹ። ዘርፉ ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚም እሱ ነው። የሚያሳዝነው፣ በዚያ ዘመን ለአጃቢዎች የሚሰጠው ሰሌዳ እንጂ ሐውልቱ አልነበረም። ግን ሦስተኛውን ሽልማት ያስገኘለትን «ዘ ዌስተርነር»ን እዪው። ዳኛ ሮይ ቢን ሆኖ ከአክተሩ ከጋሪ ኩፐር ጋር እኩል ለእኩል ነው የሚጫወተው። ፊልሙን የያዘው እሱ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ከ1957 እስከ 1963 በቴሌቪዥን በታየው «ዘ ሪል ማኮይስ» ደግሞ አያትየው እሱ ነው፤ ተከታታዩ የሚሽከረከረውም በእሱ ዙሪያ ነው። እዚያ አጃቢነት ከየት ይመጣል? ካራክተር አክተርነቱ ግን አልቀረም።

አማርኛውን በተመለከተ፣ የተውኔት ሰዎች «ገጸ ባሕርዩን ተላበሰው» የሚሏት አባባል ከሁሉም ትቀርባለች። ስለ ሽልማቱ ስትጽፉ «አጃቢ ተዋናይ» በሉ፤ የዘርፉ ስም ነውና። ስለ ሰውየው ከሆነ ግን «ሽማግሌ ተላብሶ በመጫወት የታወቀ ተዋናይ» ብትሉ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል። ቦታ ከጠበበ «ካራክተር አክተር» ብሎ እንዳለ መተው ይሻላል፤ የፊልም ባለሙያዎቻችንም «ካራክተር» የሚለውን ቃል ከለመዱት ቆይተዋል።