ተከላካይ ጠበቃ በሕዝብ ድምፅ ሲመረጥ

ጥያቄ፦ በካሊፎርኒያ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቃን (ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች በመንግሥት ወጪ የሚከራከረውን መሥሪያ ቤት ኃላፊ) በድምፅ የምትመርጠው ሳን ፍራንሲስኮ ብቻ ናት ይባላል። ለመሆኑ መመረጡ በተግባር ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ የአቶ ጄፍ አዳቺ ታሪክ ያሳያል። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮው የተከላካይ ጠበቃ መሥሪያ ቤት ያገለገሉት አዳቺ፣ በ2001 ከንቲባው የሾሟት ኃላፊ ከሥራ ብታሰናብታቸውም፣ በ2002 ተወዳድረው እርሷኑ በማሸነፍ ወንበሩን ያዙ፤ በ2019 በድንገት እስኪያርፉም አልለቀቁትም።

ሌላ መልስ፦ አዳቺ በ2011 ፖሊሶች በርካሽ ሆቴሎች ክፍል ሲፈትሹ የተቀረጹ የካሜራ ምስሎችን ለሕዝብ ይፋ አድርገዋል፤ ተሿሚ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ይደፍሩ ነበር ብዬ አላምንም።

ሦስተኛ መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን መመረጣቸው ፖለቲከኛም አድርጓቸዋል። የከተማዋ ሠራተኞች የጡረታ ወጪ እንዲቀነስ በ2010 ያቀረቡት ሐሳብ በሕዝብ ድምፅ ወደቀ፤ በ2011 ለከንቲባነት ተወዳድረውም አልተሳካላቸውም። ይህ ሁሉ ከተከሳሾች ጥብቅና ጋር ምን አገናኘው ያሉ ብዙዎች ነበሩ።