«ተመስጦ» ነው ወይስ «አስተንትኖ»?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ። ለሰበካችን ወጣቶች ስለ ካቶሊክ ዝግ ገዳማት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እዚህ «ሲስተር» ሲባል ክሊኒክና ትምህርት ቤት ነው ትዝ የሚለን። ከግቢ ሳይወጡ በጸሎት ብቻ የሚኖሩት ለብዙዎቻችን እንግዳ ናቸው። ኑሯቸውን «የተመስጦ ሕይወት» ብዬው ነበር። አንድ አባት ግን «አስተንትኖ በይው» አሉኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። አስተንትኖ ሰው ራሱ የሚሠራው ነው። ቃሉን ያነባል፣ ረጋ ብሎ ያወጣል ያወርዳል። ተመስጦ ግን ከግእዙ «መሠጠ» ነው የመጣው፤ ነጠቀ ማለት ነው። የተመሰጠ ሰው የተነጠቀ ሰው ነው። ማንም ተነሥቶ «ዛሬ ልመሰጥ» ማለት አይችልም።

ቅድስት ቴሬዛ ዘአቪላን ታውቂያታለሽ። እ.ኤ.አ. በ1562 ስፔን ውስጥ ዝግ ገዳም የመሠረተችው ናት። ጸሎትን አትክልት በማጠጣት መስላዋለች። መጀመሪያ ከጉድጓድ በባልዲ ትቀጃለሽ፤ ክንድሽ ይዝላል። ቀጥሎ መዘውር ያግዝሻል። ከዚያ ውኃው ከወንዝ ተጠልፎ ይመጣል። በመጨረሻ ዝናብ ይዘንባል፤ ያኔ አንቺ የምትሠሪው የለም። ለእኔ ባልዲው አስተንትኖ ነው፣ ዝናቡ ተመስጦ።

ጥያቄ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ልጨምር። «ዝግ» ስላቸው ልጆቹ «ታስረው ነው እንዴ?» ይሉኛል።

መልስ (ሌላ አባል)፦
«በአቱን ዘጋ» የሚለውን የአገራችንን አባባል አስታውሻቸው። ሱባኤ የያዘ መነኩሴ በሩን የሚዘጋው ራሱ ነው፤ የሚዘጋበት የለም። ካርቱዚያኖችም እንዲሁ ናቸው። ቅዱስ ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ1084 ፈረንሳይ ተራሮች ውስጥ የጀመረው ማኅበር ነው። እያንዳንዱ መነኩሴ ትንሽ ቤትና ጓሮ አለው። ምግቡ በግድግዳ መስኮት ይገባለታል። ሌሊት ግን ሁሉም ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረው ይጸልያሉ።

«ገዳም» ራሱ በግእዝ ምድረ በዳ ማለት እንደሆነም ንገሪያቸው። ቃሉ ላይ አጥር የለም።

ጥያቄ፦
ርእሱን ቀየርኩት፤ «በአታቸውን የዘጉ እናቶች» ብዬዋለሁ። «አስተንትኖ»ን ለየዕለት ኑሯቸው፣ «ተመስጦ»ን ዝናቡ ጋ ስደርስ ብቻ እጠቀማለሁ።