ላሜን ከምን ኮርማ ላስጠቃት? የጡት በሽታ አድክሞኛል

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ክልስ ላሞች አሉኝ። ትልቋ 75 በመቶ የሆልስታይን (ብዙ ወተት የሚሰጠው የፈረንጅ ላም ዘር) ደም አላት፣ በቀን 14 ሊትር ትታለባለች፤ ግን ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ጡቷ አበጠ። በተወጋች ቁጥር ወተቱን ስደፋ አንጀቴ ያርራል። ሌላዋ ግማሽ ደም ናት፣ ግማሿ ሆልስታይን ግማሿ የአገር ዘር። 8 ሊትር ብቻ ብትሰጥም እዚያው ግቢ ውላ ያንኑ ፉርሽካና ፋጉሎ በልታ አንድ ቀን ታማ አታውቅም። ትልቋ ሰሞኑን ኮርማ መፈለጓ አይቀርም። ንጹህ ሆልስታይን ይሁን ወይስ በሽታ የሚችል ጥጃ የሚሰጥ ሌላ ዘር አለ?

አዳቃይ ነኝ (ደሴ)፦
ወንድሜ አብሽር። በንጹሁ ካስጠቃሃት ጥጃዋ 87.5 በመቶ ትሆናለች፣ ወተቱም ጣጣውም ይጨምራል። በግማሽ ደም ኮርማ ከሆነ 62.5 ላይ ትመለሳለች፤ በኛ መኖና አያያዝ እኔ ይሄን እመርጣለሁ። ደግሞ ኮርማ በወተት ብቻ አይመረጥም። ኖርዌዮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ የልጆቹን የጡት ጤና መዝግበው ነው ኮርማ የሚመርጡት። ካናዳ ውስጥ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰውነትን የመከላከል አቅም ራሱን ለክተው ይመርጣሉ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በጡት በሽታ ላይ ላም ከላም ከሚለያየው ከዘር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች ነው። የቀረው በረትህና እጅህ ነው። የአባቷን ኮርማ መለያ ቁጥር ታውቀዋለህ? ያው ኮርማ በልጁ ላይ እንዳይደገም።

እናት ከሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
ልጄ፣ እኔ የማስቀረው የጡት በሽታ የማያውቃትን ላም ጥጃ ነው፣ 10 ሊትር ብትሰጥም ይበቃኛል። ጥጃዋም እንደተወለደች በ6 ሰዓት ውስጥ እንገር በደንብ ትጥባ፣ ያ ካመለጣት ዘሯ ብቻውን አያድናትም። ጡቱ ሳያብጥ በፊት ደግሞ እንዲህ እይው፦ ከእያንዳንዱ ጡት ትንሽ ወተት በየሰሃኑ አልበህ፣ በውሃ የተበጠበጠ ኦሞ እኩል ጨምረህ አዟዙረው። እንደ ተልባ ከተዝለገለገ በሽታው ውስጥ ውስጡን ገብቷል። የታመመችውን መጨረሻ እለባት፣ እጅህንም ታጠብ።

የቦርከና ልጅ፦
እናቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የአባቷ ቁጥር የለኝም፣ ሲሸጡልኝም አልጠየቅሁ። ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። ለትልቋ ግማሽ ደም ኮርማ እላለሁ። ማታ ኦሞውን ሞከርኩት፤ የትንሿ አራቱም ሰሃን ንጹህ ነው፣ የትልቋ የግራ የኋላ ጡት ግን ልክ እንዳሉት ተልባ ሆነ። ጠዋት ሐኪም እጠራለሁ።