ነርሷ የምትጎበኘው ለታካሚው ነው ወይስ ለፍርድ ቤቱ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በአእምሮ ሕመም ምክንያት በወንጀል ኃላፊ አይደሉም ተብለው፣ በቅድመ ሁኔታ ከሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምትከታተል ነርስ ያየችውን ሁሉ ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ይገባታል?

የሕግ ባለሙያ፦ ይገባታል። ሰውየው የወጣው በቅድመ ሁኔታ እንጂ በነጻ አይደለም። መድኃኒቱን መውሰዱን፣ መጠጥ አለመቅመሱን ከእርሷ ሌላ ማን ያያል? የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 በታራሶፍ ጉዳይ፣ ታካሚው በሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ እንደሚያደርስ የተረዳ ቴራፒስት (የሥነ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ) ያንን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ብሏል።

የጉብኝት ነርስ፦ በታራሶፍ ጉዳይ ሊጠቃ የነበረው ሰው ይታወቅ ነበር። እኔን የሚያጋጥመኝ እንዲህ የጠራ ነገር አይደለም። መጋረጃው በቀትር ተዘግቷል፣ ምግቡ አልተነካም፣ ሰውየው ዓይኔን ይሸሻል። ሕመሙ አገርሽቶ ነው ወይስ እንቅልፍ አጥቶ አድሮ? ይህን የምለየው ካነጋገረኝ ብቻ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ፦ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዘውን ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ካቆመ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይበዛል፣ ማጨስ ከጀመረ ይቀንሳል። ሁሉን ለዳኛ እንደማደርስ ካወቀ፣ እንኳን ሌላውን የሲጋራውንም ነገር አይነግረኝም።

ደግሞስ ብቻዬን ተልኬ፣ ለበሩ የሚቀርበውን ወንበር መርጬ፣ ግማሽ ልቤ መውጫው ላይ ሆኖ ምን ዓይነት ምልከታ ይጠበቅብኛል? መጀመሪያ ሁለት ሆነን እንሂድ።

የሕግ ባለሙያ፦ እርሱ የበጀት ጥያቄ ነው።

የጉብኝት ነርስ፦ በር የሚያንኳኳ ሰው እንዲህ አይልም።

የታካሚ እህት፦ እናንተ ስለ ዳኛና ስለ ነርስ ስትከራከሩ እኛን ረሳችሁ። ወንድሜ ታሞ ጉዳት ያደረሰው በጎዳና ባገኘው ሰው ላይ ሳይሆን በእናታችን ላይ ነው። ዛሬም አንድ ቤት ነን። ነርሷ መጥታ «እንዴት ሰነበተ?» ስትል እርሱ አጠገባችን ተቀምጧል። «ደህና ነው» እንላለን። ሌላ ምን እንበል? ሌሊት ብቻውን ሲያወራ ማደሩን እርሱ ፊት ብናገር፣ ነርሷ ስትሄድ የምንቀረው እኛ ነን።

የጉብኝት ነርስ፦ እውነትዎን ነው እህቴ፤ በዚህ እኛም እናጠፋለን። እኔ የምሟገተው የማሳውቀው ነገር አስቀድሞ ይወሰን ብዬ ነው፦ የመድኃኒት መርፌውን እምቢ ካለ፣ ከዛተ፣ ከቤት ከጠፋ። ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ራሱ ታካሚው ከአፌ ይስማው። ቤተሰብን ግን ለብቻ በስልክ ማነጋገር ይቻላል።

የታካሚ እህት፦ እስካሁን ስልክ ቁጥሬን የጠየቀኝ የለም።